ስድስተኛዋ ጣት በየት በኩል ነበረች

ኢታና ዱጉማን የተዋወቅሁት በአንዲት የሌሊት ወፍ ምክንያት ነው።

ዘመኑ 1951 ነው። መካኒሳ በነበረ አንድ ትምህርት ቤት በአናጺነት እሠራ ነበር። «የናሙና ክፍል» ለተባለ አዲስ ቤት አርባ መሳቢያ ያለው የዋንዛ ቁም ሣጥን ሠርቼ ባስረከብኩ በሦስተኛው ቀን «አንዱ መሳቢያ አልዘጋ አለ» ተብዬ ተጠራሁ። ሥራዬን ስለማውቅ እየተናደድኩ ሄድኩ። ስከፍተው መሳቢያው ምንም አልሆነም። በጥጥ የተሞሉ ርግብ፣ ቁራና ጭልፊት ተደርድረውበታል፤ ከመካከላቸው አንዲት የደረቀች የሌሊት ወፍ ክንፏን እንደዘረጋች ተጋድማለች። የክንፏ ጫፍ ከመሳቢያው ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል ያልፋል።

«ይችን ማነው እዚህ የከተታት?» አልኩ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለ ጥግ ላይ የቆመ ረጅም ጎረምሳ። «ትበር የለም እንዴ? ከሚበሩት ጋር አደረግኋት።»

የክፍሉ ኃላፊ ሚስተር ማታይ የሚባል ህንዳዊ የሳይንስ መምህር ነበር። አማርኛውን ከተማሪዎቹ ስለለቀመው ፈጣን ነው፤ አንዳንዴ ከእኛም ይፈጥናል። «ኢታና፣ ገልብጣትና ደረቷን እይ» አለው።

ኢታና ገለበጣት። ወደ መስኮቱ አስጠጋት። ቀና ሲል ዓይኑ ፈጧል። «ጡት አላት!»

«ላባስ?»

«የላትም፤ ጠጉር ነው። ታዲያ ጡትም ጠጉርም ካላት ከእኛ ወገን ናት ማለት ነው?»

«ከእኛ ወገን ናት» አለ ሚስተር ማታይ፣ ሳይስቅ።

«እንግዲያ ይቅር በይኝ፣ እህቴ» ብሎ በሁለት እጁ አነሳትና አጥቢዎቹ ወዳሉበት ሰፊ መሳቢያ ወሰዳት። የእኔ መሳቢያ በአንድ ጣት ግፊት ተዘጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጆች ሆንን።

ኢታና የላፍቶ ልጅ ነው። አባቱ ኦቦ ዱጉማ ገብስና ጤፍ ያርሳሉ፤ «ኦቦ» በእነሱ አገር እንደ እኛ «አቶ»፣ «አዴ» ደግሞ እንደ «እማማ» ነው። ትምህርት ቤቱ የገባውም በሣር አጫጅነት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ግቢውን አጽዳ ተብሎ ስምንት ቦታ ላይ ሳይታጨድ የቀረ ሣር ተገኘ። አለቃው ሰነፍ ነህ ብሎ ሊያባርረው ሲል፣ «ሰነፍ አይደለሁም፤ ይኼኛው ወተት ያበዛል፣ ይኼኛው ፈረስ ይነፋል፣ ያ ደግሞ ለቤት ክዳን ነው። አንድ ላይ ታጭዶ አንድ ላይ ይከመራል እንዴ?» አለ። ይህን ሚስተር ማታይ ሰማ። በማግሥቱ ማጭዱን አስጥሎ ወደ ናሙና ክፍሉ ወሰደው።

የመጀመሪያው ምደባው እስከ ዛሬ ያስቀኛል። ሚስተር ማታይ ለአንድ ሳምንት ወደ ክፍለ ሀገር ሲወጣ «ያሉትን ሁሉ በየወገናቸው ደርድር» ብሎት ሄደ። ሲመለስ እኔ መዝጊያውን እየላግሁ ነበር።

«ይኼ መሳቢያ ምንድን ነው? ጃርት፣ ጦጣ፣ የከርከሮ መንጋጋ?»

«ሌቦች ናቸው።»

«ይኼኛውስ?»

«ጅብ፣ ቀበሮ፣ ሸለምጥማጥ። እነዚህ ነፍሰ ገዳዮች ናቸው።»

«እባብ፣ ጊንጥ፣ ሳማ። ቆይ፣ ሳማ ቅጠል አይደለም እንዴ?»

«ሚስተር ማታይ፣ ሳማ ነክቶዎት ያውቃል?»

ሚስተር ማታይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ለማሳ ጠባቂ ይኼ ምደባ ትክክል ነው» አለው። «አንተ እያንዳንዱን ‹ምን ያደርገኛል?› ብለህ ጠየቅኸው። እኛ የምንጠይቀው ‹ከማን ተወለድክ?› ብለን ነው።»

ኢታና ጭኑን በጥፊ መታ። «ታዲያ ይኼን መጀመሪያ አይነግሩኝም? የትውልድ ቆጠራ ነው'ኮ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። በላፍቶና በሀና ማርያም ገበሬዎች ዘንድ ወንድ ልጅ ሚስት ሲታጭለት መጀመሪያ የሚጠየቀው ሀብት አይደለም፤ ቆጠራ ነው። ከወንዱ ወገን አንድ ሰው ተነሥቶ አባቱን፣ የአባቱን አባት፣ የአያቱን አባት እያለ እስከ ሰባት ቤት ይወጣል። ከልጅቷም ወገን እንዲሁ። ሁለቱ ቆጠራዎች ከሰባት ቤት በታች አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ዘመድ ናቸው፤ ጋብቻው የለም። እኛም መንዝ ላይ እንቆጥራለን፤ ግን እውነቱን ለመናገር አምስተኛው ላይ ስንደርስ ድምፃችን ይቀንሳል። እነሱ ግን እንደ ዳዊት ያወርዱታል።

ሚስተር ማታይ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ግንድና ቅርንጫፍ ሣለ። ከላይ ጫፎቹ ላይ ዛሬ ያሉትን ጻፈ፤ ወደ ታች ሁለት ሁለቱ እየተጋጠሙ ይወርዳሉ። የታችኞቹን በዓይኑ ያየ ሰው እንደሌለ፣ ግን በድንጋይ ውስጥ ከተገኘ አጥንትና ዛሬ ካሉት አካል ተነሥቶ እንደሚገመት አስረዳ። ከዚያ ቀን ወዲያ ኢታና ማንኛውንም ነገር ሲያነሣ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ሆነ፦ «በስንተኛው ቤት ይገናኛሉ?»

አንድ ቀን የኮሶ ቅርንጫፍና የቀጋ ቅርንጫፍ ጎን ለጎን አድርጎ ጠራኝ። «እይ ጋሼ፣ ጠርዙን። ሁለቱም እንደ መጋዝ ጥርስ ነው። ግንዱ ላይ የሚጣበቅበትንም እይ፤ ሁለቱም ጆሮ የምታህል ቅጠል አላቸው። ቀጋ ደግሞ የጽጌረዳ እህት ናት። እንግዲህ ኮሶና ጽጌረዳ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።» እኔ በልጅነቴ ኮሶ ጠጥቼ አውቃለሁ። ጽጌረዳ ሲባል እስከ ዛሬ ሆዴ የሚላወሰው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሌላ ቀን ከፉሪ ተራራ ገደል የአሽኮኮ ራስ ቅል ይዞ መጣ። ሚስተር ማታይ ሁለቱን የፊት ጥርሶች በእርሳስ ነካ ነካ አደረገ። «እነዚህ ዕድሜ ልካቸውን ያድጋሉ። የዝሆን ጥርስ የምትሉትም የተንዠረገገ የፊት ጥርስ ነው። አሁን እግሩን እይ፤ ጥፍሩ ትንንሽ ሰኮና ይመስላል። በሕይወት ካሉት ባለ አራት እግሮች ሁሉ ለዝሆን ቅርብ ከሚባሉት አንዱ ይኼ ነው።»

«ድመት የሚያህለው አሽኮኮ?» አልኩ፤ መላጊያዬ ከእጄ ወደቀ።

«በስንተኛው ቤት ይገናኛሉ?» አለ ኢታና።

«በሚሊዮን የሚቆጠር ቤት ነው።»

ኢታና አሰብ አደረገ። «ታዲያ ከሰባት ካለፈ መጋባት ይችላሉ!»

ሚስተር ማታይ ሲስቅ መነጽሩ ወልቆ የአሽኮኮው ራስ ቅል ላይ ተንጠለጠለ። እውነት ለመናገር አሽኮኮው ላይ ያምርበት ነበር።

ለእኔ ይህ ሳይንስ ብዙ ሥራ አምጥቶብኛል። መጀመሪያ የእያንዳንዱን መሳቢያ ስም እንጨቱ ላይ በቀለም ጽፌ ነበር። ሚስተር ማታይ ግን ከባሕር ማዶ አዲስ መጽሔት በመጣለት ቁጥር «አስረስ፣ ይኼ ወገን ተከፍሏል፤ ያኛው ከዚያ ጋር ተደባልቋል» እያለ ያስፍቀኛል። በሦስተኛው ጊዜ ሰለቸኝ። በእያንዳንዱ መሳቢያ ፊት ከቆርቆሮ የተሠራ ቀጭን ኪስ መታሁና መለያውን በካርቶን አድርጌ ሰካሁት። ሳይንቲስት ሐሳቡን ሲቀይር ካርቶኑን ይነቅላል፤ ዋንዛው አይነካም።

ከትምህርቱ ሁሉ በልቤ የቀረው የቁልቋሉ ነው። ሚስተር ማታይ በሸክላ የተተከለ በለስ ነበረው። ኢታና ከላፍቶ ገደል የቁልቋል ቅርንጫፍ ቆርጦ አመጣና አጠገቡ አቆመ። ሁለቱም ወፍራም፣ ሁለቱም አረንጓዴ፣ ሁለቱም እሾሃም። «እነዚህ እንኳ መንታ ናቸው» አለ በኩራት።

«ቁረጣቸው» አለ ሚስተር ማታይ።

ቁልቋሉ ነጭ ወተት አንጠባጠበ፤ ያ ዓይን የሚያጠፋው ወተት። በለሱ ግን ውኃ የመሰለ ነገር ብቻ አወጣ። የቁልቋሉ እሾህ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል፤ የበለሱ ከአንድ ነጥብ እንደ ጭብጥ ፈንጥቆ። አበባቸውማ ጨርሶ አይገናኝም። «ቁልቋሉ የእናንተ አገር ነው፣ በለሱ ከአሜሪካ የመጣ ነው» አለ ሚስተር ማታይ። «ዘመድ አይደሉም። ሁለቱንም ያወፈራቸው ድርቅ ነው።»

ይህ ለእኔ ወዲያው ገባኝ። ከሁለት ሱቅ የተገዙ ሁለት ወንበሮች ይመሳሰላሉ፤ የሚቀመጥባቸው መቀመጫ አንድ ነዋ። ማን እንደሠራቸው ማወቅ የፈለገ ሰው ወንበሩን ገልብጦ መጋጠሚያውን ያያል።

በ1955 ኢታና ገዲሴን አየ። ሀና ማርያም አጠገብ በአባቷ ማሳ ድንበር ላይ ተንበርክኮ አንድ ተክል ከሥሩ ሲነቅል ነው የያዘችው።

«አንተ! የሰው ድንበር ትነቅላለህ?»

«ድንበር አይደለም፣ ናሙና ነው።»

«ናሙና ትበላለች?»

«አትበላም፤ በጋዜጣ መካከል ትደርቃለች።»

«ካየሁት የሞኝ ሥራ ሁሉ ይኼ ይበልጣል» አለችና አጠገቡ ተቀመጠች። ያች ተክል ከብት እንደምትገድል፣ ከታችኛው ማሳ ደግሞ አበባዋ ነጭ የሆነ እህቷ እንዳለች ነገረችው። ኢታና ነጯን ሁለት ዓመት ሲፈልጋት ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት የናሙና ክፍሉ ከሀና ማርያም የመጣ አሥራ አንድ ተክል ገባለት። በተከታዩ ሃያ ሦስት። ሚስተር ማታይ የሀና ማርያም ሜዳ ምን ቢለመልም ነው ብሎ ተገረመ። እኔ ግን አልተገረምኩም።

ሽማግሌ ተላከ። እኔ፣ የኢታና አጎት ኦቦ በንቲ፣ እንዲሁም መንገድ ላይ አግኝተናቸው «ሦስት ካልሆናችሁ አያምርም» ብለው የተከተሉን አንድ ቄስ። የገዲሴ አባት ኦቦ ሞልቱ ረጋ ያሉ ገበሬ ናቸው። አጥራቸው ሥር አግዳሚ ወንበር አስቀምጠው ተቀበሉን። እንደ አገሩ ደንብ የሙሽራው ወገን ባንደኛው አግዳሚ፣ የሙሽራይቱ በሌላኛው። መሐል በርጩማ ላይ ደግሞ ቆጠራ አዋቂው ኦቦ ለሜሳ ተቀምጠዋል። እሳቸው የራሳቸውን እስከ አሥራ አምስት ቤት ያወርዳሉ፤ የሌላውንም ሰው ሲሳሳት ያርማሉ።

ኦቦ በንቲ ሰባቱን ሳይተነፍሱ ጨረሱ። ተራው የኦቦ ሞልቱ ሆነ።

«እኔ ሞልቱ። አባቴ ጉደታ» አሉና ሊነሡ ቃጥተው መልሰው ተቀመጡ። ጆሮአቸው ቀላ። «አባቴ በክፉ ቀን ወላጆቹ አልቀው የአራት ዓመት ሕፃን ሆኖ የመጣ ነው። ከጉደታ በላይ አላውቅም።»

ይህን የማያውቅ በአካባቢው የለም። በለቅሶም በሠርግም ሰው ሁሉ ሲቆጥር ኦቦ ሞልቱ ውኃ ሊጠጡ ይነሡ ነበር።

ኦቦ ለሜሳ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «የሞልቱን እኔ ልሙላለት። የዱጉማ ቤት ሰዎች ስድስት ጣት ይዘው ይወለዳሉ፤ አዎ ወይስ አይደለም?»

«አንዳንዶቻችን» አሉ ኦቦ በንቲ።

«የሞልቱስ ቤት?»

«አንዳንዶቻችን» አሉ ኦቦ ሞልቱ በቀስታ።

«እንግዲህ ጉደታ ከዱጉማ ቤት የጠፋ ቅርንጫፍ ነው። ደም ተናገረ። ኢታናና ገዲሴ ወንድምና እህት ናቸው፤ ጋብቻው የለም።»

ቄሱ እንኳ አፋቸውን ያዙ። ኦቦ ሞልቱ «በዚህ ነገር ሦስት ሳምንት ላስብበት» ብለው አሰናበቱን። ስንወጣ ኦቦ በንቲ በጆሮዬ፣ «ለሜሳ ገዲሴን ለልጁ ለቱሉ እንደሚፈልጋት ታውቃለህ?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። ካወቅሁ በኋላ ግን በርጩማው ላይ የተቀመጡት ለምን እንደዚያ ተመቻችተው እንደሆነ ገባኝ።

ኢታና ወሬውን ሲሰማ ናሙና ክፍሉ ውስጥ ከአጥቢዎቹ መሳቢያ አጠገብ ተቀምጦ ቀረ። ምሳውን አልበላም። «እህቴ ከሆነች'ማ ምን እላለሁ፣ ጋሼ? እህቴ ካልሆነች ደግሞ በምን አስረዳለሁ? ከጉደታ በላይ ስም የለ።»

ሚስተር ማታይ ሁሉን አዳምጦ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «ስድስተኛዋ ጣት በየት በኩል ነበረች?»

ማን ያውቃል? በእኛ አገር ስድስተኛ ጣት አትኖርም። ሕፃኑ በተወለደ በሳምንቱ በፈረስ ጭራ ጠጉር ጥብቅ ተደርጋ ትታሰራለች፤ ደርቃ ትወድቃለች። የሚቀረው የምስር ፍሬ የምታህል ጠባሳ ናት። ሰው ሁሉ «የስድስት ጣት ቤት» ይላል እንጂ በየት በኩል ብሎ ያየ የለም።

«ቁልቋልና በለስን ሳትቆርጥ መንታ ናቸው አልከኝ» አለ ሚስተር ማታይ። «ሂድና እይ። አንድ እጅ አይበቃም፤ ብዙ እጅ እይ። ያላየኸውን አላየሁም ብለህ ጻፍ። የምትወደውን መልስ ብቻ ይዘህ ብትመጣ መሳቢያ አልሰጥህም።»

ኢታና የናሙና ደብተሩን ይዞ ወጣ። በሃያ አንድ የማርያም ዕለት ሀና ማርያም በር ላይ ቆሞ የሚገባውንም የሚወጣውንም በእጁ ይጨብጥ ጀመር። የሰውን እጅ ከያዘ አይለቅም። ደህና ነዎት፣ እህልዎ እንዴት ነው፣ ከብቶቹስ እያለ በአውራ ጣቱ ዳርና ዳሩን ይዳብሳል። ከሰዓት በኋላ «ኢታና መዳፍ ማንበብ ጀመረ» ተባለ። አንዲት ሴትዮ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ «ልጄ፣ የጠፋችው ዶሮዬ የት ናት?» ብለው ጠየቁት።

«የት ጠፋች፣ እማማ?»

«ከቆጥ ላይ። ላባዋ ብቻ ቀረ።»

«ሸለምጥማጥ ሆድ ውስጥ ናት» አለ። ሴትዮዋ እንዴት አወቀ ብለው እስከ ዛሬ ያወሩታል።

በሦስተኛው ሳምንት ገዲሴ ራሷ ወፍጮ ቤት አጠገብ አገኘችው። ግራ እጇን ዘረጋችለት። በአውራ ጣቷ ሥር፣ በውጭ በኩል፣ የምስር ፍሬ የምታህል ጠባሳ። ኢታና የራሱን ቀኝ እጅ አጠገቡ አስጠጋ፤ የእሱ ጠባሳ ከትንሿ ጣት ውጭ ነው።

«ደብተርህ ላይ ጻፈው እንጂ፤ ምን ያስለቅስሃል?» አለችው።

«እየጻፍኩ ነው።»

«ለመሆኑ እኔን የትኛው መሳቢያ ልትከተኝ ነው?»

«የአንቺ ካርቶን ገና አልተቆረጠም» አለ። ይህን የነገረኝ እሱ ነው፤ ምን እንደመለሰችለት ግን አልነገረኝም።

ከመሄዷ በፊት አንድ ቁም ነገር ጨመረች። «አክስቴን አዴ ሸጊቱን አይተሃል? ያልታሰረላት እሷ ብቻ ናት።»

ሁለተኛው ሸንጎ ያው አጥር ሥር ተቀመጠ። ኢታና እንደ ደንቡ መግባት ስለማይችል ከአጥሩ ውጭ ቆሟል፤ ሲያስነጥስ ይሰማናል። ደብተሩን እኔ ያዝኩ።

«አርባ ሦስት ሰው ታይቷል» አልኩ። «ከዱጉማ ቤት አሥራ ዘጠኝ ሰው፤ ሰባቱ ጠባሳ አላቸው፤ ሰባቱም ከትንሿ ጣት ውጭ። ከሞልቱ ቤት አሥራ አንድ ሰው፤ አራቱ አላቸው፤ አራቱም በአውራ ጣት በኩል። አንድም የተዛነቀ የለም። የቀሩት የጎረቤት ሰዎች ናቸው፤ ምንም የለባቸውም። አንድ ሰው ብቻ ‹አልታየም› ይላል።»

«ጣት ጣት ነው!» አሉ ኦቦ ለሜሳ። «ትርፍ ከሆነ ትርፍ ነው። ዳርና ዳር ምን አመጣው?»

«ኦቦ ለሜሳ፣ የበሬ ቀንድ ከአፍንጫው ላይ ቢወጣ በሬ ነው ይሉታል?»

ቄሱ ሳቁ። ኦቦ ለሜሳ ግን አልሳቁም። ያኔ ከቤት ውስጥ አዴ ሸጊቱ ወጡ፤ የኦቦ ሞልቱ ታላቅ እህት፣ ወደ ስድሳ የሚጠጉ፣ እንዝርታቸውን ሳያስቀምጡ የመጡ። የቀኝ አውራ ጣታቸው ሁለት ራስ አለው። ክሩን በሁለቱ መካከል አስገብተው እያሾሩ ነው የሚናገሩት።

«እናቴ ልታስር ስትል ስለጮህኩ ተወችኝ። ደግ አደረገች፤ በዚህ ሠፈር እንደ እኔ የሚፈትል የለም። ይኸው እዩት፤ በአውራ ጣት በኩል ነው። አስረስ፣ ያ ‹አልታየም› የተባለው ማነው?»

ደብተሩን አየሁ። ሀና ማርያም በር ላይ ኢታና ሰላም ሲላቸው እጃቸው ጭቃ ነው ብለው አንጓቸውን ብቻ የሰጡት ሰው። «ኦቦ ለሜሳ ናቸው» አልኩ።

«አውቄዋለሁ» አሉ አዴ ሸጊቱ። «ለሜሳ፣ ቀኝ እጅህን ከቡሉኮው ውስጥ አውጣ።»

«ማጭድ ነው የቆረጠኝ!»

«የሳምንት ሕፃን ማጭድ ይዞ ምን ያጭዳል? እናትህ ስታስርልህ የፈረሱን ጠጉር ያቀበልኳት እኔ ነኝ። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አውጣ!»

እጃቸው ወጣ። ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን። ጠባሳው ከአውራ ጣታቸው ሥር፣ በውጭ በኩል። ከአጥሩ ውጭ ማስነጠሱ ቆመ።

እኔ የእንጨት ሰው ነኝ፤ ነገር ማሳመር አላውቅም። «ኦቦ ለሜሳ፣ አንዱን ይምረጡልን» አልኩ። «ጣት ደም የሚናገር ከሆነ እርስዎና ኦቦ ሞልቱ አንድ ቤት ናችሁ፤ ልጅዎ ቱሉና ገዲሴ ዘመድ ናቸው። ጣት ምንም የማይናገር ከሆነ ደግሞ ኢታናን የከለከለው ነገር የለም።»

ኦቦ ለሜሳ ጠባሳቸውን ብዙ ጊዜ እንዳላዩት ሰው ሆነው ያዩታል። በርጩማው ላይ ተቁነጠነጡ። ሊቆጡ ነው ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸው ወረደ።

«የአያቴ ታናሽ ወንድም ነበረ» አሉ። «ቸኮል ይባላል። በክፉ ቀን ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደዚህ እወርዳለሁ ብሎ ወጣ፤ አልደረሰም። ትንሹ ልጁ ጉደታ ይባል እንደነበር አባቴ ሲናገር ሰምቻለሁ። ጉደታ የሚባል ብዙ ነው ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ሚስተር ማታይ ቢኖር «ምናልባት» ይል ነበር። እኔም በልቤ አልኩት። ጠባሳ አንድ፣ ስም ሁለት፣ መንገዱ ሦስት፤ አራተኛ ማስረጃ ቢኖር አልጠላም። ኦቦ ሞልቱን ሳይ ግን አፌን ዘጋሁ። ቆመዋል።

«ቸኮል» አሉ። «አያቴ ቸኮል?»

ኦቦ ለሜሳ በርጩማቸውን አነሡ። ከመሐል ተነሥተው በሙሽራይቱ ወገን፣ ከኦቦ ሞልቱ አጠገብ አስቀመጡና ቁጭ አሉ። ፊታቸውን ወደ እኛ ሲያዞሩ ሌላ ሰው ሆነዋል። «እንግዲህ እኔ የልጅቷ አጎት ነኝ» አሉ። «ለአጎት የሚመጣው ቡሉኮ የታለ? ባዶ እጃችሁን ነው የመጣችሁት? ደግሞስ ይኼ ልጅ ሥራው ምንድን ነው? ሣር ሲያደርቅ ይውላል አሉ!»

«አሁን ገና ክርክሩ ተጀመረ» አሉ ኦቦ በንቲ፣ ጭንቅላታቸውን ይዘው።

ቡሉኮውን ቃል ገባን። በወፍራም ፈትል ይሁን አሉ፤ ይሁን አልን። አዴ ሸጊቱ ይፍተሉት አሉ፤ አዴ ሸጊቱ «ለአንተ አልፈትልም» አሉ፤ በመጨረሻ ፈተሉ። ኦቦ ሞልቱ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አልሰሙም። የኦቦ ለሜሳን ክንድ ይዘው፣ «ከቸኮል በላይስ?» ይላሉ። ኦቦ ለሜሳ አንድ ስም ይነግሯቸዋል፤ እሳቸው እንደ ፊደል ተማሪ ተከትለው ይደግማሉ። አራተኛው ላይ ተሳሳቱና ከመጀመሪያው ጀመሩ። አምስተኛው፣ ስድስተኛው ደረሰ፤ ከኦቦ በንቲ ቆጠራ ጋር አንዱም አልተገናኘም። ቄሱ ተርበዋል። እኔ የተቀመጥኩበት አግዳሚ አንድ እግሩ ያጠረ ስለሆነ ወገቤን አሞኛል።

ከጓዳ የገዲሴ ድምፅ መጣ። «አባባ! እኔስ?»

ኦቦ ሞልቱ ሳይዞሩ በእጃቸው ወደ አጥሩ፣ ኢታና ወደቆመበት አመለከቱ። «ሰጥቻለሁ፣ ሰጥቻለሁ፤ በጥር ይሁን» አሉና ወደ ኦቦ ለሜሳ ጠጋ አሉ። «ሰባተኛው ማን ነበር ያልከኝ?»